የዓሣ ተራችን አዲስ አስተዳደርና ከሐይቅ ዳርቻዎች የሚገኘው ትምህርት

(ይህ ጽሑፍ የሰፈራችን የዓሣ ሻጮች አዲስ ኮሚቴ በጠራው ስብሰባ ላይ በአንድ የማታ ትምህርት መምህር የተደረገ ንግግር ነው።)



አዲሱ ኮሚቴ በሌሎች ቦታዎች የዓሣ ሥራ እንዴት እንደሚተዳደር አንብቤ እንድናገር ስለ ጋበዘኝ በቅድሚያ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። እንደምታውቁት እኔ መምህር እንጂ ዓሣ አጥማጅ አይደለሁም። ያደግሁት በደጋ አገር ነው። እኛ ዘንድ ዓሣ ማለት በዐቢይ ጾም ሰሞን ከሩቅ የሚመጣ፣ በጾም ይበላል አይበላም እየተባለ ሰው የሚከራከርበት ነገር ነበር። ከጋምቤላ የመጣችሁ ወንድሞች ግን በባሮ ዳር ስላደጋችሁ ከእኔ ይበልጥ የምታውቁት አላችሁ። ንግግሬን ስጨርስ የምትጨምሩት ይኖራል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ሌላው ማሳሰቢያ፣ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። የዓሣ ተራችን ከጥቂት ወራት በፊት ምን ይመስል እንደነበረ ሁላችንም እናስታውሳለን። ዓሣው በማዳበሪያ ጆንያ ላይ መሬት ተዘርግቶ፣ ዝንብ ወርሮት፣ አቧራውን እያራገፍን እንገዛ ነበር። የቀድሞዎቹ የኮሚቴ አባላት ግማሾቹ ወደ ሦስተኛ አገር ሄዱ፤ ግማሾቹም ሥራውን ተዉት። አዲሱ ኮሚቴ ከተመረጠ ወዲህ ጥላ ተሠርቷል። ሁለት የሲሚንቶ መደብ ቆሟል፤ ቧንቧ የተገጠመለት የውኃ በርሜል መጥቷል፤ ሚዛንም ተገዝቷል። ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ልጆቻችን ከዚያ ዓሣ እንደሚበሉ ለሚያውቅ ሰው የውኃ በርሜሏ ብቻ ብዙ ትርጉም አላት።

ነገር ግን ከመሻሻሉ ጋር አንድ ክርክር አብሮ መጥቷል። ኮሚቴው ባቀረበው ረቂቅ ደንብ መሠረት በጥላው ሥር የሚቀመጥ ሻጭ በቀን 20 ሽልንግ ይከፍላል፤ የሦስት ወሩንም በቅድሚያ ያስገባል፤ አባል መሆን የሚችለውም የሰፈሩ መታወቂያ ያለው ብቻ ነው። ይህ ደንብ እንዳለ ከጸደቀ ዓሣ ጠብሰው በሳህን የሚሸጡ እናቶች፣ ዓሣውን ከመኪና የሚያወርዱ ልጆች፣ ከሐይቁ ዳር ደረቅ ዓሣ ተሸክመው የሚመጡ የቱርካና ሴቶችም ከጥላው ውጭ ይቀራሉ። ዛሬ የተሰበሰብነው በዚህ ላይ ለመነጋገር ነው። ሌሎች ሰዎች ይህንኑ ጥያቄ በሰፋ መልኩ አንስተውት ስለ ነበር እነሱ የደረሱበትን ማየት ይጠቅመናል።

ከቅርባችን እንጀምር። በጥላችን ሥር የሚሸጠው ዓሣ አብዛኛው የሚመጣው ከቱርካና ሐይቅ ነው። ከካኩማ ሎድዋር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከሎድዋር ደግሞ በሐይቁ ምዕራብ ዳርቻ ያለችው ካሎኮል 60 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ይህን ሁሉ መንገድ በዚህ ፀሐይ ትኩስ ዓሣ ሳይበላሽ ሊመጣ ስለማይችል ተሰንጥቆ፣ ጨው ተነስንሶበትና በፀሐይ ደርቆ ይጫናል። ከእኛ ብዙዎቹ ያለ ጉዞ ፈቃድ ሐይቁን ማየት አንችልም። ሐይቁ ግን እንግዳችን አይደለም። ወደ ቱርካና ከሚገባው ውኃ እጅግ የሚበዛውን የሚያመጣው ከአገራችን የሚወርደው የኦሞ ወንዝ ነው። ኦሞ በክረምት ሲሞላ ሐይቁ ከፍ ይላል፤ ዓሣውም የመራቢያ ጊዜው እንደ ደረሰ የሚያውቀው በዚህ ነው። ስለዚህ በጥላው ሥር የተቀመጠችው ቆሮሶ በውኃዋ በኩል ያገራችን ልጅ ናት ማለት ይቻላል።

በካሎኮል አንድ ትልቅ ሕንፃ አለ። የዓሣ ማቀዝቀዣ ፋብሪካ ነበር። በ1970ዎቹ የኖርዌይ መንግሥት የቱርካናን ዓሣ አጥማጆች በጀልባ፣ በመረብና በኅብረት ሥራ ማኅበር ይረዳ ነበር። የታሰበው መልካም ነበር፤ በድርቅ ከብታቸው ያለቀባቸው አርብቶ አደሮች ከሐይቁ እንዲኖሩ ለማድረግ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ፋብሪካው ተሠርቶ አለቀ። ዓሣው ተበልቶ፣ ቀዝቅዞ በመኪና ወደ ከተማ እንዲሄድ ነበር የታቀደው።

ፋብሪካው የሠራው ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው። ለምን እንደ ቆመ ብዙ ተጽፏል። አንደኛው ነገር ሙቀቱ ነው። በዚያ በረሃ ዓሣን እንደ በረዶ ለማድረግ የሚያስፈልገው የጄኔሬተር ነዳጅና ንጹሕ ውኃ ዋጋው ዓሣው ከሚያወጣው በላይ ሆነ። ሁለተኛው የፈርጉሰን ባሕረ ሰላጤ ጉዳይ ነው። ይህ ከካሎኮል አጠገብ ያለ፣ ጥልቀት የሌለው የሐይቁ ክንድ ነው፤ ቆሮሶ በብዛት የሚራባውም እዚያ ነበር። በ1976 ገደማ ከዚያ የተያዘው ዓሣ እጅግ ብዙ ስለ ነበር እቅዱን ያወጡት ሰዎች ሁልጊዜ እንዲህ ይሆናል ብለው አሰቡ። የሐይቁ ውኃ ሲቀንስ ግን ክንዱ እየደረቀ ሄደ፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ ጀልባ ይሄድበት የነበረው ቦታ መሬት ሆነ። በዚህ ላይ በ1990 ኬንያና ኖርዌይ በሌላ ምክንያት ተጣልተው የዲፕሎማሲ ግንኙነታቸው ሲቋረጥ እርዳታውም አብሮ ቆመ። ያ ሁሉ ገንዘብ የፈሰሰበት ሕንፃ ለብዙ ዓመታት የደረቅ ዓሣ ማስቀመጫ መጋዘን ሆኖ አገልግሏል።

ይህን ስናገር በኖርዌዮች ለመሳቅ አይደለም። መንገድም አበጅተዋል፤ ብዙ ሰውም ማጥመድ ለምዷል። እኔ ልብ የምለው አንድ ነገር ነው። የቱርካና ሴቶች ዓሣን በጨውና በፀሐይ ማድረቅ ያውቁ ነበር፤ ለዚያ ነዳጅ አያስፈልግም። ማድረቂያው ከመሬት ከፍ ያለ አልጋ፣ ንጹሕ ጨውና የዝናብ መከለያ ቢጨመርለት ኖሮ በትንሽ ገንዘብ ብዙ ይሻሻል ነበር። ፋብሪካው ቆሞ የቀረው የእነሱ ደረቅ ዓሣ ግን ዛሬም እስከ ምዕራብ ኬንያና እስከ ኮንጎ ድረስ ይሸጣል፤ በመንገዱ ላይ ደግሞ እኛ ጋ ይደርሳል።

ከዚህ ወደ ሌላ ትልቅ ሐይቅ ልውሰዳችሁ፤ ወደ ቪክቶሪያ። እንደ ቱርካና ሩቅና በረሃ ውስጥ ያለ አይደለም። ሦስት አገሮች፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛንያ ይካፈሉታል። የኬንያ ድርሻ ከመቶ 6 ያህል ብቻ ቢሆንም በዚያ ድርሻ ላይ ብቻ ከ300 በላይ የዓሣ ማውረጃ ዳርቻዎች አሉ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ናይል ፐርች የሚባለው ትልቅ ዓሣ ከሌላ ውኃ መጥቶ እዚያ ተለቀቀ። አርባ ምንጭ የነበራችሁ ነጭ ዓሣ የምትሉት እሱ ነው። የባሕር ዳር ሰዎች ደግሞ በዚሁ ስም ሌላ ዓሣ ስለሚጠሩ እንዳትጣሉ። ናይል ፐርቹ ብዙዎቹን ትንንሽ ዓሦች በልቶ አጠፋ፤ በ1980ዎቹም ራሱ በሐይቁ ሞላ። ፋብሪካዎች በዙሪያው ተከፈቱ፤ ሥጋው ተገፎ ወደ አውሮፓ መላክ ጀመረ።

ገንዘቡ ሲመጣ ዳርቻው ግን እንደ ነበረ ቀረ። ዓሣው ከጀልባ ወርዶ አሸዋ ላይ ይጣላል። ሽንት ቤት የለም። ሰው የሚታጠብበት፣ ከብት የሚጠጣበትና ዓሣ የሚታጠብበት ውኃ አንድ ነው። በ1997 ሳልሞኔላ የሚባለው የሆድ በሽታ ተሕዋስ ዓሣው ላይ ተገኘ ተብሎ ወደ አውሮፓ እንዳይገባ ክልከላ መጣ። ወዲያው ደግሞ በምሥራቅ አፍሪካ ኮሌራ በመነሣቱ ሌላ ክልከላ ተከተለ። በ1999 የባሰው መጣ። አንዳንድ ሰዎች መረብ ጥሎ ከማደር ይልቅ የተባይ መድኃኒት ውኃው ላይ እየደፉ የሞተውን ዓሣ መልቀም ጀመሩ። ይህ ሲሰማ የአውሮፓ ኅብረት ከሦስቱም አገሮች የቪክቶሪያን ዓሣ ከለከለ። የኬንያ ክልከላ የተነሣው በ2000 መጨረሻ ላይ ነው። በዚህ መካከል ፋብሪካዎች ሠራተኛ አሰናበቱ፤ የዓሣው ዋጋ በዳርቻው ላይ ወደቀ።

ዛሬ በቪክቶሪያ ዳር በደንብ የተሠሩ ማውረጃዎችን የሚያይ ሰው የሚያገኘው አጥር፣ ጣራ ያለው የሲሚንቶ መደብ፣ ንጹሕ ውኃ፣ ሽንት ቤት፣ ዓሣ ከጀልባ የሚወርድበት መወጣጫና በረዶ የሚይዝ ሣጥን ነው። አብዛኛው የመጣው ከዚያ ክልከላ በኋላ ነው። ማንም ደግ ሆኖ አላመጣውም፤ ገዢው እምቢ ስላለ ነው የመጣው። የእኛን መደብና በርሜል ሳይ ይህ ትዝ ይለኛል። እኛም ገዢዎች ነን። እናት አንዲት ልጇ በዓሣ ታማ ሌላ ጊዜ ከዚያ ተራ አልገዛም ብትል ያ በራሱ ትንሽ ክልከላ ነው።

መደቡን ከሠሩት በኋላ ግን ማን ይጠብቀው የሚለው ጥያቄ መጣ። የመንግሥት የዓሣ ሀብት ሠራተኛ አንዱ ለብዙ ዳርቻ ነው፤ ቤንዚንም የለውም። በዚህ ምክንያት ሦስቱ አገሮች የዳርቻ አስተዳደር ማኅበር የሚባል ነገር አቋቋሙ። በእንግሊዝኛው ምኅጻር ቢ.ኤም.ዩ. ይሉታል፤ ወደ ሎድዋር የምትመላለሱ ሰዎች ስሙን ሳትሰሙ አትቀሩም፤ በቱርካና ዳርም ተቋቁሟልና። ታንዛንያ በ1990ዎቹ መጨረሻ ጀመረች። ኡጋንዳ በ2003 ደንብ አወጣች። ኬንያ ደግሞ በ2007 በመንግሥት ደንብ አጸናችው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ በዚያ ዳርቻ ከዓሣ የሚኖር ሰው ሁሉ በመዝገብ ይገባል፤ ከመካከላቸው ኮሚቴ ይመርጣሉ፤ ኮሚቴው ከመንግሥት ሠራተኛው ጋር ሆኖ ዳርቻውን ያስተዳድራል።

"ሁሉ" የሚለውን ቃል አጥብቄ መያዝ እወዳለሁ። አባል የሚሆነው የጀልባ ባለቤት ብቻ አይደለም። በሰው ጀልባ ተቀጥሮ የሚያጠምደው፣ ዓሣ የሚያጨሰውና የሚያደርቀው፣ ነጋዴው፣ መረብ የሚጠግነው፣ ጀልባ የሚሠራው ሁሉ ይመዘገባል። በሐይቁ ዙሪያ በወጣው የጋራ መመሪያ ላይ የኮሚቴው ወንበር በድርሻ ተከፍሏል። ከመቶ 30 ለጀልባ ባለቤቶች፣ ከመቶ 30 በጀልባ ላይ ለሚሠሩት፣ የቀረው ለሌሎቹ ነው። ከተቻለም ቢያንስ ሦስት ሴቶች እንዲኖሩበት ይላል። ይህ ለምን እንዳስፈለገ ለመገመት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። "ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ" ይባላል። ኮሚቴው የጀልባ ባለቤቶች ብቻ ቢሆን ኖሮ የተቀጣሪው ድርሻ እንዴት እንደሚቆረስ እናውቀዋለን።

ማኅበሩ ምን ይሠራል? ጀልባና ሰው ይመዘግባል፤ በየቀኑ የወረደውን ዓሣ ይመዝናል፤ ዳርቻውን ያስጠርጋል፤ ለአገልግሎቱ ትንሽ ክፍያ ይሰበስባል። ከሁሉ የሚከብደው ግን መረብ መቆጣጠር ነው። የመረብ ዓይን ሲለካ ዓይኑ ተወጥሮ ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ ነው የሚለካው። በኬንያ ደንብ ለትልልቆቹ ዓሦች የሚጣለው መረብ ዓይኑ ከ5 ኢንች ማነስ የለበትም። ለናይል ፐርች ደግሞ ርዝመቱ ከ50 እስከ 85 ሴንቲ ሜትር ያለው ብቻ እንዲያዝ ሦስቱ አገሮች ተስማምተው ነበር። ከ50 በታች ያለው ገና አልወለደም። ከ85 በላይ ያለችው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ትልቋ እናት ናት፤ በአንድ ጊዜ በሚሊዮን የሚቆጠር እንቁላል የምትጥል። ኦሜና የሚባለው እንደ ጣት የቀጠነ ብርማ ዓሣ ደግሞ በኬንያ በኩል ከሚያዝያ 1 እስከ ሐምሌ 31 እንዳይጠመድ ይዘጋል።

የምንበላው ቆሮሶም የራሱ ምሥጢር አለው። እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹም አደጋ ሲያዩ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ከዳር በሚጎተት ጥቅጥቅ መረብ እናቲቱን ያወጣ ሰው አፏ ውስጥ ያሉትንም ሁሉ ገደለ ማለት ነው። በኬንያ የቪክቶሪያ ዳርቻ ያ ዓይነት መረብ በ2001 የተከለከለው በዚህ ነው።

ዓሣን በወቅት መዝጋት የድሀ አገር ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በእንግሊዝ አገር በወንዝ ላይ ከመጋቢት 15 እስከ ሰኔ 15 ድረስ ሳልሞንና ትራውት ያልሆኑትን ዓሦች ማጥመድ ክልክል ነው። የሚገርመው ደግሞ እዚያ ብዙ ሰው የዕለት ትኬት ከፍሎ ኩሬ ዳር ሲቀመጥ ይውልና የያዘውን ዓሣ መልሶ ወደ ውኃው ይለቀዋል። የኩሬው ባለቤት ሲለወጥም አዲሱ ሰው መቀመጫውን ጠግኖ፣ ዓሣ ጨምሮ፣ ሽንት ቤት ሠርቶ ደንበኛ ይጠራል። ይህን ለማታ ተማሪዎቼ ስነግራቸው አንዲት እናት "ታዲያ ሊበሉት ካልሆነ ምን አስቀመጣቸው?" ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ነገር ግን ለጨዋታ የሚያጠምድም ሰው ነገ ተመልሶ እንዲያጠምድ ውኃው ውስጥ ዓሣ መቅረት እንዳለበት ያውቃል።

በአገራችንም ይህ ታይቷል። በጣና ሐይቅ አባቶቻችን ከደንገል በሠሩት ታንኳ ዳር ዳሩን ያጠምዱ ነበር። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና የናይለን መረብ ገቡ። የጣና ነጭ ዓሣ ብዙዎቹ ወገኖች በክረምት ለመራባት እንደ ጉማራ ባሉ ወንዞች ወደ ላይ ይወጣሉ። መረቡን በወንዙ አፍ ላይ፣ ልክ በዚያ ወር መጣል ብዙ ስለሚያስገኝ ሰዉ እንዲያ አደረገ። በ1990ዎቹ ውስጥ የዚህ ዓሣ ብዛት እጅግ አሽቆለቆለ። ኢትዮጵያ የዓሣ ሀብት አዋጇን ያወጣችው በ2003 ነው። አዋጅ መውጣቱ ጥሩ ነው፤ በወንዙ አፍ ላይ ሌሊት ማን ይቆማል የሚለውን ግን አዋጅ ብቻውን አይመልሰውም።

የዳርቻ ማኅበሮቹ በሁሉም ቦታ ተሳክቶላቸዋል ብዬ ብነግራችሁ አታለልኋችሁ ማለት ነው። በብዙ ዳርቻ ኮሚቴው የተከለከለ መረብ ሲያይ ዓይኑን ይጨፍናል። መረቡ የአማቹ ነው፤ ወይም የመረጠው ሰው ነው፤ ወይም ጉርሻ ተቀብሏል። ወንድሙን ለፖሊስ አሳልፎ ሰጥቶ በዚያው ሰፈር መኖር ቀላል አይደለም። እኛም በአንድ አጥር ውስጥ የምንኖር ሰዎች ይህን መረዳት አያቅተንም።

በኡጋንዳ ነገሩ ከዚህም አለፈ። በኅዳር 2015 ፕሬዚዳንት ሙሴቬኒ ማኅበሮቹን አገዱ፤ የተከለከለ ማጥመድን አላስቆሙም ተብሎ ነው። በ2017 ወታደሮች ወደ ሐይቁ ተላኩ። ወታደሮቹ ከ28 ጫማ ያነሱ ጀልባዎችንና ትንሽ ዓይን ያላቸውን መረቦች እየሰበሰቡ አቃጠሉ። ከዚያ በኋላ ትልልቅ ናይል ፐርች መታየት እንደ ጀመረ፣ ፋብሪካዎችም እንደ ተነቃቁ ተነግሯል። በሌላ በኩል ግን ትልቅ ጀልባ ለመግዛት አቅም የሌላቸው በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ከሐይቁ ተባረሩ፤ ተደበደብን የሚል አቤቱታም በየጊዜው ተሰማ። ዓሣው ዳነ ቢባል እንኳ ለማን ዳነ የሚለው ክርክር በኡጋንዳ ብዙ ዓመት ቆየ። ለእኔ ከዚህ የሚታየኝ ይህ ነው፤ የራሱን ወገን መቆጣጠር ያልቻለ ማኅበር ቦታውን ዱላ ለያዘ ሰው ያስረክባል፤ ዱላ የያዘው ደግሞ መጀመሪያ የሚያገኘው ትንሹን ጀልባ ነው።

አሁን ወደ ጥላችን ልመለስ። እኛ ሐይቅ የለንም፤ የምንከለክለው መረብም የለንም። ያለን ሁለት መደብ፣ አንድ በርሜልና አንድ ሚዛን ነው። ቢሆንም የረቂቅ ደንቡ ጥያቄ ያው ነው፤ መዝገቡ ላይ ማን ይገባል?

በእኔ አስተያየት አባልነት በመታወቂያ መለካት የለበትም። በሥራ ይለካ። ዓሣ የምታመጣው የቱርካና እናት የእኛ መታወቂያ የላትም፤ ዓሣው ግን የሷ ነው። እሷን ከጥላው ካስወጣናት ዓሣዋን ከበሩ ውጭ ለደላላ ትሸጣለች፤ ደላላው ለእኛ ይሸጣል፤ በኪሎው ላይ የሚጨመረውን የምንከፍለው እኛ ነን። በዚያም ላይ ከአካባቢው ሰው ጋር በዓሣ ምክንያት መቀያየም አያስፈልገንም፤ በእንጨትና በውኃ ምክንያት የሚመጣው ይበቃናል።

የሦስት ወር ቅድሚያ ክፍያውም ቢታሰብበት። በቀን 20 ሽልንግ ለሦስት ወር 1,800 ሽልንግ ይሆናል። ሁለት ጆንያ ይዞ ለሚመጣ ነጋዴ ይህ ቀላል ነው። አሥር ዓሣ በዱቤ ወስዳ ጠብሳ ለምትሸጥ እናት ግን መደቡን ተሰናበቺ ማለት ነው። በቪክቶሪያ ዳር እንደሚደረገው ክፍያው በተሸጠው ልክ ቢሆን፣ በኪሎ ትንሽ ሳንቲም ቢወሰድ፣ ብዙ የሸጠ ብዙ ይከፍላል፤ ምንም ያልሸጠም በባዶ እጁ ቤቱ ሲገባ ዕዳ አይከተለውም። ሚዛኑ አለ፤ ማስላቱን ደግሞ ከማታ ተማሪዎቼ መካከል ሁለቱ በደንብ ይችላሉ።

ከኮሚቴው ሰባት ወንበሮች አሁን ስድስቱ የጆንያ ነጋዴዎች ናቸው። ይህን የምለው ሰዎቹን ለመንቀፍ አይደለም። ጥላውን ያሠሩት እነሱ ናቸው፤ ሲሚንቶውን ከአንድ ግብረ ሠናይ ድርጅት ለምነው ያመጡትም እነሱ ናቸው፤ ማንም ሌላ ሰው አልተነሣም ነበር። ግን ደንብ ከመጽደቁ በፊት ሁለት ወንበር ለጠባሾች፣ አንድ ለጫኝና አውራጅ ልጆች፣ አንድ ዓሣ ከሐይቁ ለሚያመጡት ቢጨመር ኮሚቴው አሥራ አንድ ሰው ይሆናል። አሥራ አንድ ሰው መሰብሰብ ከሰባት እንደሚከብድ አውቃለሁ። የቀድሞው ኮሚቴ ግን ሁለት ሰው ሲቀር ገንዘቡ የት እንደ ገባ የሚያውቅ ጠፍቶ እንደ ነበረ ታስታውሳላችሁ።

ስለ ገንዘቡ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ደረሰኝ በሁለት ቅጂ ይቆረጥ። በየሳምንቱ ዓርብ የገባውና የወጣው በትልቅ ጽሕፈት ተጽፎ ጥላው ምሰሶ ላይ ይለጠፍ። ማንበብ የማይችሉ እናቶች እንዳሉ አንዳንዶች አንሥተውብኛል። እኔ በዚያን ሰዓት እዚያው ቆሜ በአማርኛ አነባለሁ፤ በኦሮምኛና በስዋሂሊ የሚያነቡ ሁለት ልጆችም ፈቃደኛ ሆነዋል። ገንዘቡ መጀመሪያ የሚውልበትን እናንተ ወስኑ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ሦስተኛ መደብ ሳይሆን የዓሣ እጣቢው የሚወርድበት ቦይና መቅበሪያ ጉድጓድ ይቅደም እላለሁ። አሁን እጣቢው የሚፈሰው ሴቶች ውኃ ለመቅዳት ወደሚሰለፉበት በኩል ነው።

በረቂቅ ደንቡ ላይ ድምፅ የሚሰጠው በመጪው ቅዳሜ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት እዚሁ ነው። እስከዚያ ድረስ ከዓሣ ሥራ የሚኖር ማንኛውም ሰው፣ መታወቂያ ኖረውም አልኖረው፣ ስሙንና የሚሠራውን ሥራ የሚያስመዘግብበት ደብተር ከነገ ጀምሮ ማታ ማታ በትምህርት ቤቱ ክፍል ይኖራል። ኮሚቴውም በዚህ ተስማምቷል። አሁን ዕድሉን መጀመሪያ ከጋምቤላ ለመጡት ወንድሞች፣ ቀጥሎም ለጠባሾቹ እናቶች እሰጣለሁ።